የሚጠብቀው ፊደል

ልጆች ማንበብ አለባቸው የማይል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። «የትኛውን መጽሐፍ?» ስትሉት ግን ዓይኑ ጣሪያ ላይ ይሰቀላል። እኔ ደግሞ መምከር ልማዴ አይደለም። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ያቋረጠ ሰው ምን ብሎ ይመክራል? ዝም አይነቅዝም ብዬ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በሰላም እኖር ነበር።

ዘንድሮ የልጄ የሜሮን ትምህርት ቤት ሰላሜን ነሳኝ። ክረምቱ ሳይገባ በሚደረገው የወላጆች ስብሰባ ላይ እያንዳንዱ ወላጅ ተነስቶ ለልጆች የክረምት ንባብ አንድ መጽሐፍ እንዲጠቁም ወረቀት ላከ። ሜሮን ወረቀቱን ሰጥታኝ «አባዬ ቢሄድስ?» አለች። አባቷ ለሥራ ክፍለ ሀገር ነው፤ ይህንንም ታውቃለች። የጓደኞቿ እናቶች ነርስ ናቸው፣ አካውንታንት ናቸው፤ ሲናገሩ ቀና ብለው ነው። እኔ ስናገር ጫማዬን ነው የማየው። እሷ አሥራ ሁለት ዓመቷ፣ እኔ ሃያ ዘጠኝ፤ ትምህርቴን ለምን እንዳቋረጥኩ መቀነስ የሚችል ሰው ይደርስበታል። «እንዳላሳፍርሽ እጠነቀቃለሁ» አልኳት። «እንደዚያ አላልኩም እኮ» አለች፤ ግን እንደዚያ ነበር ያለችው።

የምጠቁመውስ አላጣሁም። ታች ፎቅ የነበሩ ጎረቤት ዕቃ ጭነው ሲሄዱ ትተውልኝ የሄዱት አንድ መጽሐፍ አለኝ። ለልጆቻችሁ ለክረምት የምመክረው እሱን ነው፤ ርዕሱን ብቻ አትጠይቁኝ፤ ከነደራሲው ስም ከሽፋኑ ጋር ሄዷል። አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ ጨው ሊጭን ወርዶ በዚያው የቀረ ወንድሟን ፍለጋ ከግመል ነጂዎች ጋር ወደ አፋር በረሃ ትወርዳለች። ውሃ እስኪመጣ ጄሪካን ላይ ተቀምጬ ነው ያነበብኩት። እመኑኝ፣ ውጭ ዝናቡ ሰንጋ ተራን እያጠበ እኔ በውሃ ጥም ከንፈሬ ደረቀ። መሬቱ ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ የሚፈላበት ቦታ ስንደርስ፣ «ስንደርስ» ያልኩት እኔም ስለነበርኩ ነው፣ ሽሮዬ አረረ። እነዚያ ጉንዳን የሚያካክሉ ፊደሎች ያን ሁሉ በረሃ የት አስቀምጠውት ነበር? ከአዲስ አበባ የወጣሁት አንዴ ለሰርግ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰማይ በሕይወቴ አላየሁም፤ አየሁት ግን።

መጨረሻው ነው የጎዳኝ። ግመል ነጂው ጣቱን ወደ በረሃው ይዘረጋል። ከዚያ ሁለት ቃል ብቻ፦ ወንድምሽ አለ። አራት ነጥብ። «ወንድምሽ» ብሎ መጨረስ አቃተው ማለት ነው። ልጁ ሞቷል። ሁለት ቀን አዘንኩ። ባለቤቴ በስልክ ማን ሞተብሽ ቢለኝ፣ የማታውቀው ሰው ነው አልኩት።

በስብሰባው ቀን ሜሮን አጠገቤ ተቀመጠች። ከእኔ በፊት አንድ አባት ስለ ስኬት የሚያስተምር ወፍራም መጽሐፍ አስተዋወቁ፤ ልጆቹ አዛጉ። የእኔ ተራ ሲደርስ የአማርኛ መምህሩ ርዕሱን ጠየቁኝ። ጠፍቷል አልኩ። ደራሲውስ? እሱም። ከኋላ አንዱ «ወረቀቱስ ተርፏል?» አለ፤ ተሳቀ። ሜሮን ቦርሳዋ ውስጥ የምትፈልገው ነገር በዛ።

ሌላ ምን ላድርግ፤ ታሪኩን ነገርኳቸው። ምን ያህል እንደተናገርኩ አላውቅም። ቀና ስል ሲያዛጉ የነበሩት ልጆች አፋቸው እንደተከፈተ ቀርቷል፤ የኋላው ቀልደኛም ስልኩን ኪሱ ከቷል። «መጨረሻው ሞት ነውና ልጆቻችሁን አዘጋጁ» ብዬ ሁለቱን ቃላት አነበብኩላቸው፤ አላልቼ።

«እማ፣ ይጠብቃል» አለች ሜሮን ከጎኔ።

ማን ነው የሚጠብቀው? አባቷ የመጣ መስሎኝ ዞሬ በሩን አየሁ። «‹ለ› ነው እኮ የሚጠብቀው» አለች፤ አሁን ክፍሉ ሁሉ ሰማት። «ወንድሟ በሕይወት አለ። እኔ ሁለቴ አንብቤዋለሁ።»

ሁለቴ? መቼ ነው ከጄሪካኑ ላይ የወሰደችው? ጆሮዬ ጋለ። ልጁን በቁሙ ቀብሬው፣ ለቀስተኛ ልሰበስብለት መጥቻለሁ። ሊስቁብኝ ነው ብዬ ጫማዬን ሳይ፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ብረት የሚበይዱ አንድ አባት ተነሱና «የለም፣ ወይዘሮዋ ልክ ናቸው፤ ይላላል። በሕይወት ቢኖርማ ይጠራው ነበር እንጂ ጣቱን ለምን ይዘረጋል?» አሉ። አንዷ እናት ይጠብቃል አለች። ሌላው ይላላል አለ። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። መምህሩ ፍረዱ ቢባሉ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉና ከመጀመሪያው ሳላነብ አልፈርድም አሉ። ይኼኔ ሁሉም እኔም፣ እኔም አለ። የስኬቱን መጽሐፍ የጠየቀ የለም፤ ያመጡት አባት ራሳቸው እኛ ዘንድ ተመዘገቡ።

መዝጋቢዋ ሜሮን ነበረች። ደብተሯን አውጥታ ስም በጻፈች ቁጥር «የእናቴ ነው፣ እንዳይቀደድ» ትላለች፤ አንዴ ብላ አልተወችም፣ ለእያንዳንዱ ሰው።

እኔም እስቲ አንዴ አጥብቄ ልየው ብዬ እጄን ብዘረጋ፣ መጽሐፉ መምህሩ ብብት ውስጥ ገብቷል። የእኔ ስም ሃያ ሦስተኛ ላይ ነው። ታዲያ ያ ምስኪን ልጅ እስከ መስከረም እኔ ሆድ ውስጥ ሞቶ ሊከርም ነው? ሜሮንን ይህንኑ ጠየቅኋት።

ደብተሯን ከደነችና «አታስቢ እማ፣ ይጠብቃል» አለች።

በዚህኛው «ብ»ን አጥብቃ ነው ያለችው።