ከሲልሄት ለንደን በሞትሊብ ቻቻ ስሌት

በከተማችን በሲልሄት ለንደን ዘመድ የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል፤ ስለ በረራው ከአብራሪው በላይ አውቃለሁ የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር ግን ጭራሽ የለም። የእኛ ሰፈር ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የሰጠው ለልብስ ሰፊው ለክቡር ሞትሊብ ነው። ትልቁም ትንሹም ቻቻ፣ አጎታችን፣ ይላቸዋል። አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም።

"ለንደን? ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ። መሄጃው አሥራ አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ መመለሻው አሥር" ይላሉ ወገብህን እየለኩ። መንገዱ አንድ ሆኖ ሳለ መሄጃው ለምን እንደሚረዝም የጠየቅህ እንደሆነ ሱሪህን ይረሱታል። "ነፋሱ ከምዕራብ ነው የሚመጣው። ሂያጁን ደረቱን ይገፋዋል፣ ተመላሹን ጀርባውን።" ይኼ እውነት ነው። ሱሪው ግን አንዱ እግሩ ካንዱ አጥሮ ይመጣል። ሲነገራቸው "አቋቋምህ ነው" ይላሉ እንጂ ተሳሳትኩ ብለው አያውቁም።

እኛ ዘንድ አንድ ሰው ሲሄድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ነው የሚሸኘው፤ ከሾፌሩ ጎን ያለው ወንበር የቻቻ ነው። ከሽኝት መልስ ደግሞ ቻቻ በሂያጁ እናት ግቢ ተቀምጠው አውሮፕላኑን በአፋቸው ያበሩታል።

"አሁን ካስፒያን ባሕር ላይ ነው። ምሳ እየበላ ነው።"

"ምን ሰጡት?"

"ዶሮ።"

ማን ነገረዎት ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ባለፈው ጥቅምት የመበለቷ የኩልሱማ አንድያ ልጅ፣ ጁኔድ፣ ለንደን ምግብ ቤት ተቀጥሮ ሊሠራ ሄደ። ጎህ ሲቀድ ሸኘነው። "ነፋሱን ጨምሬ ነው ያሰላሁት፤ ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን ሳይሰማ ይደውልልሻል" አሏት ቻቻ።

አዛኑ ተሰማ። ስልኩ ዝም አለ። ኩልሱማ ስልኩን በሁለት እጇ ጨብጣ ቻቻን አየቻቸው።

"ወንድሜ፣ እርስዎ እኮ ተሳስተው አያውቁም" አለች።

ፊቷ አመድ መስሏል። የቻቻ አዋቂነት ልጇን ሊገድልባት ምንም አልቀረውም።

ቻቻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ተሳሳትኩ" አሉ። "ነፋሱን ረስቼዋለሁ። እርጅና ነው፣ ኩልሱማ። ልጁ ገና ሰማይ ላይ ነው።"

እኔ ሞኙ "ጠዋት እኮ ነፋሱን ጨምሬ..." ብዬ ስጀምር እግሬን ረገጡኝ።

"ስንት ይቀረዋል?" አለች።

"ሻይ አፍልተሽ እስክታጠጪን።"

ተነስታ ሻይ ጣደች። ጀርባዋን ስትሰጠን ቻቻ መቁጠሪያቸውን አውጥተው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ጀመር። ሻዩን ቀድተን፣ ማንም ሳይቀምሰው ቀዝቅዞ፣ ስልኩ ጮኸ። ጁኔድ ለካ የፓስፖርት ሰልፍ ላይ ቆሞ ኖሯል። ኩልሱማ እያለቀሰች ሰደበችው።

በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ "ቻቻ ነፋስ ረሱ" ብሎ ሳቀባቸው። አሁንም ይስቃል። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ይሰፋሉ፤ አንድም ቀን አላስተባበሉም። እኔም ከዚያ ወዲህ ስለ ሱሪዬ አላማርርም፤ እወዳቸዋለሁ።

በሚቀጥለው ወር ሂያጁ እኔ ነኝ። ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ስልኬ ይነግረኛል። ቻቻን የለመንኳቸው እስክደውል ድረስ ከእናቴ ጎን እንዳይነሱ ብቻ ነው።