አባቴ የጠረበው ድንጋይ

በሕንፃ የሚኩራራ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ነበርኩ። በጃንሆይ ጊዜ ሰቆጣ ላይ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሳለሁ፣ ባለጉዳዩን ሁሉ ደጃፍ ላይ እያቆምኩ እሰብክ ነበር፤ «ድሮ ችሎት ከዛፍ ሥር ነበር። አሁን ይኸው፣ ጥርብ ድንጋይ፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ባለመስታወት መስኮት!» ማን ሠራው ሲሉኝ «የውጭ አገር መሐንዲስ» እላለሁ። ምን ላድርግ? አባቴ ነው ብል ማን ያከብረኛል?

አንድ ቀን አንዲት አሮጊት መሬቴን ተነጠቅሁ ብለው ከሰሃላ ሁለት ቀን በእግራቸው መጡ። ከአገውኛ በቀር አያውቁም። ከአዲስ አበባ ተሹመው የመጡት ዳኛ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተ ቋንቋቸውን ትሰማለህ?» አሉኝ። አፌን የፈታሁት በአገውኛ ነው።

«ኧረ እኔ! ከየት አውቄ፣ ጌታዬ?»

ይህን ስጽፍ እንኳ ላብ ያጠምቀኛል። አስተርጓሚ እስኪገኝ ተብሎ የአሮጊቷ ጉዳይ ለሦስት ወር ተቀጠረ።

አሮጊቷ ሊወጡ ሲሉ ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉና፣ በአገውኛ ለራሳቸው «እንዲህ አሳምሮ የጠረበው ማን ይሆን?» አሉ።

«አባቴ ነዋ!» አልኩ፤ በአገውኛ፣ ችሎቱ ሁሉ እየሰማ።

ዞረው ትክ ብለው አዩኝ።

«ለድንጋዩስ አፍ አለህ፣ ልጄ።»