«ስንት ኪሎ ይፈቅዳል?»

የአትላንታ አበሻ መንገደኛ ሲያይ ምን እንደሚታየው ታውቃላችሁ? ሻንጣው! እዚሁ አትላንታ አጠገብ ማሪዬታ የሚኖረው ጓደኛዬ ዳዊት ከሥራ ባልደረባው ጋር በሸራ ጀልባ አትላንቲክን አቋርጦ ሊዝበን ሊገባ መሆኑን ሲነግረን፣ «ማዕበሉስ?» ያለው አንድም ሰው የለም። «ስንት ኪሎ ይፈቅዳል?» ነው ያልነው።

ዳዊት ደግሞ እምቢ ማለት አያውቅም። ቫይታሚኑን፣ በርበሬውን፣ የሕፃን ጋሪ ሳይቀር ጫነ። እኔማ ምን ላክሁ? እዚያ ለምትኖረው እህቴ አንድ ጫማ ብቻ። ጫማ ደግሞ ምን ይመዝናል?

መሐል ውቅያኖስ ላይ ማዕበል ተነሣ። ባልደረባው «ጀልባው ከብዷል፣ ዕቃ ጣል!» ብሎ ጮኸ። ዳዊት የራሱን ልብስ በሙሉ ባሕር ውስጥ ወረወረ። የሰው አደራ እንዴት ይጣላል? ሊዝበን ወደብ ላይ በባልደረባው ቁምጣ ወረደ፤ ከዕቃችን ግን አንድም አልጎደለም።

ከስንት ሳምንት ጭንቀት በኋላ ከእህቴ ቤት ደወለልኝና ይህን ሁሉ ነገረኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን! እንኳን በሰላም ገባህ!» ብዬ እንባዬ መጣ። ምን ልደብቃችሁ፣ እንባዬን ሳልጠርግ «ጫማው ልኳ ሆነ?» አልኩት።

«ትንሽ ጠበባት» አለኝ፣ እሱ ያጠበበው ይመስል እያፈረ። «ግድ የለም፣ ስመለስ በጀልባው ይዤው እመጣና ለሱቁ ሪተርን አደርገዋለሁ። ደረሰኙን አልጣልከውም አይደል?»