በዐቢይ ጾም የጠፋው አውራ ዶሮ

መከሰስን የሚፈራ ሰው፣ ሳይከሰስ መጠርጠርን ያልቀመሰ ነው። የተከሰሰማ ዕድለኛ ነው፤ ዳኛ አለው፣ ምስክር ይቆጥራል፣ «አላደረግኩም» ብሎ የሚጮህበት ቀጠሮ ይሰጠዋል። ማንም ያልከሰሰው ተጠርጣሪ ግን ለማን አቤት ይበል? ጎረቤት እንደሆነ መዝገብ አይዘጋም። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ያሉን አበው ለበላተኛው አሰቡለት እንጂ ለስንጥሩ ማን አሰበለት? እኔ አንድ ጾም ሙሉ ስንጥር ሆኜ ከርሜያለሁና ልንገራችሁ።

መቀሌ፣ ሓድነት ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። አስተማሪ ነኝ፤ አገሬ ደብረ ብርሃን ነው። አከራዬ አደይ ለተብርሃን ይባላሉ። «አደይ» እዚህ «እናቴ» ማለት ነው፤ እሳቸው ደግሞ ስሙን በከንቱ አልተሸከሙም። የገብስ ጥሕሎ ሲሠሩ እንደ ልጃቸው «ወደይ፣ ና ብላ» ሳይሉኝ ወደ ማዕድ አይቀርቡም። ዘመድ በሌለኝ ከተማ፣ ከክፍሏ ጋር እናትም የተከራየሁ ይመስለኝ ነበር።

እኚህ ሴት አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ነበራቸው። ለወጥ አይደለም፤ ለኪዳን ጸሎት የሚቀሰቅሳቸው እሱ ነው። ችግሩ እኔንም መቀስቀሱ ነበር፣ ያውም በመስኮቴ ሥር ተገትሮ። አንድ ቀን ጠዋት እንቅልፍ አጥቼ ፊቴን ስታጠብ፣ ተከራዩ ሁሉ እየሰማ፣ «ይህን ዶሮ አንድ ቀን አርጄው አርፋለሁ!» አልኩ።

በሳምንቱ ዶሮው ጠፋ።

ሸለምጥማጥ ነው እንዳይባል ሸለምጥማጥ ላባ ጥሎ ይሄዳል፤ በግቢያችን አንዲት ላባ አልተገኘችም። የባሰው ደግሞ ወቅቱ ዐቢይ ጾም መሆኑ ነው። በሌላ ጊዜ ዶሮ የሰረቀ ሰው ሌባ ተብሎ ያበቃለታል፤ በዐቢይ ጾም ሲሆን ግን ጾም ገዳፊነቱ ይጨመርበታል፤ ይኼኛው ደግሞ ከስርቆቱ ይብሳል። ማንም ምንም አላለኝም። ሰላምታውም አልቀረም። ብቻ በመስኮቴ በኩል የሚያልፍ ሁሉ አፍንጫው ትንሽ ቀና ይላል። የጥሕሎው ጥሪም ቀረ። ከፋኝ፤ እውነቴን ነው፣ ከምግቡ ይልቅ «ወደይ» መባሉ ናፈቀኝ።

ምን ላድርግ? ሽሮዬን በሬን ወለል አድርጌ ከፍቼ መሥራት ጀመርኩ፣ ሽታው ይመስክርልኝ ብዬ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ አደይ ለተብርሃን ከሚያዩኝ ቦታ ቆሜ ቅዳሴው እስኪያልቅ አስቀደስኩ። እንደዚያ ጾሜ አላውቅም። እግዚአብሔር ይቀበለው አይቀበለው ግን እንጃ፤ የጾምኩት ለአከራዬ ነበርና።

በመጨረሻ አንድ ብልሃት መጣልኝ። ገበያ ወርጄ ጎምላላ አውራ ዶሮ ገዛሁና ወስጄ ሰጠኋቸው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ዶሮውን ተቀብለው፣ በሐዘን አይተውኝ፣ «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ፣ ወደይ» አሉኝ። ነገሩን ለሥራ ባልደረባዬ ለሓጎስ ባወራው ራሱን ያዘ። «እዋይ ሓወይ! ተክተህ ሰጠሃቸው? በቃ አመንክ እኮ!»

የጥሕሎው ጥሪ ተመለሰ። እኔም የይቅርታ ጥሕሎ እየበላሁ ፋሲካን ተሻገርኩ። እየጣፈጠ ያንቃል።

ከፋሲካ በኋላ ትርፍ አንጀቴ ተነሥቶብኝ ዓይደር ሆስፒታል ገባሁ። ቀዶ ጥገና ተደርጎልኝ ተኝቼ ሳለሁ አደይ ለተብርሃን አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው መጡ። ዓይናቸው ቀልቷል። ለእኔ ያለቀሱ መስሎኝ «ኧረ ደህና ነኝ» ብዬ ላጽናናቸው ጀመርኩ።

«ዶሮው ጠፋ» አሉ።

«የቱ?»

«ያመጣኸው ነዋ! ትናንት ነበረ፣ ዛሬ የለም። ላባ እንኳ የለም።»

ማዘን ይገባኝ ነበር። ግን ከደረቴ ላይ ድንጋይ የተነሣልኝ ያህል ቀለለኝና ሳቄ አመለጠኝ፤ ስፌቴን ቢያመኝም አላቆምኩም። ነርሷ መጥታ ተቆጣችኝ። ምን ታድርግ፣ ነፃ የወጣ ሰው አይታ አታውቅም።

«አደይ፣ እኔ እኮ ትናንትም ዛሬም እዚህ አልጋ ላይ ነኝ!»

«ሓቂ ነው» አሉና ፔርሙዙን ከፈቱ። ካሁን አሁን «በደልኩህ» ይሉኛል ብዬ ፊቴን አዘጋጀሁ። እሳቸው ግን አጥሚቱን እየቀዱ በረጅሙ ተነፈሱ።

«አንተ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፣ ወደይ። አንተን ይቅር ብዬ ጨርሼ ነበር እኮ። አሁን ከማን ልጀምር?»

የዶሮዎቹ ሌባ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ አደይ ለተብርሃንም ማንንም አልከሰሱም። እኔ ግን የዚያን ቀን አጥሚቱን ተቀብዬ፣ «ይቅርታውን አይውሰዱብኝ» አልኳቸው፤ «ሰው ነኝ፣ አንድ ቀን ሳጠፋ ይሆነኛል።»