የዘይነባ አእምሮ ሲለካ

የሰው ልጅ መለካት ይወዳል። ጨርቁን በክንድ፣ እህሉን በቁና ለክቶ ሲያበቃ እጁ ሥራ ይፈታና ወደ ልጆች ጭንቅላት ይዞራል። በሐሜት አይደለም የምላችሁ፤ በጃንሆይ ዘመን ጎንደር አራተኛ ክፍል ሳስተምር በዓይኔ አይቻለሁ።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ቦርሳ ያንጠለጠለ ወጣት ባለሙያ መጣና፣ ልጆቹን ተራ በተራ እያስቀረበ የአእምሮ ፈተና ፈተናቸው። ዘይነባ የምትባል ተማሪ ነበረችኝ፤ የጨርቅ ነጋዴው የሐጂ ኑሩ ልጅ፣ ከክፍሌ ሁሉ ፈጣኗ።

«ባቡር ምን ይሠራል?» አላት።

«ይፈጫል።»

አንባቢዬ፣ በእኛ አገር ባቡር ማለት ወፍጮ ነው፤ ሌላውን ባቡር እኔ መምህሯም አላየሁት። ስሕተት ተባለች። ቀጥሎ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሳሕንና አንድ ሹካ የተሣለበት ወረቀት ዘረጋና «ምን ጎድሏል?» አላት። አሰብ አደረገች።

«አብሮ የሚበላ ሰው።»

የጎደለው ለካ ቢላዋ ኖሯል።

በሳምንቱ ውጤቱ መጣ፤ አእምሮዋ ደካማ ስለሆነ ሁለተኛ ክፍል ትመለስ ይላል። ሐጂ ኑሩ ሴት ልጅ በማስተማራቸው የጎረቤት አፍ ያልተለያቸው ሰው ናቸው፤ ልጃቸውን አስከትለው መጡ።

«ምነው መምህር፣ ልጄ ጅል ናት?»

«ጅሉስ ሌላ ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያው ከሕፃናት ጋር ተቀምጣ ከምትሳቀቅ ቤቷ ትዋል።»

ዘይነባ ደብተሯን አቅፋ መሬት መሬቱን ታያለች። ደሜ ፈላ። «አንድ ቀን ይታገሡኝ» ብያቸው ወደ ዲሬክተሩ ገባሁ።

«ጌታዬ፣ ባቡር ምን ይሠራል?»

«ይፈጫላ» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ። ነገሩን ስነግራቸው ወረቀቱን ተቀብለው አገላበጡት። ከዚያ «ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው፤ ምን ላድርግ?» አሉ።

እሳቸው ምንም አላደረጉም። እኔ ወረቀቱን መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበትና ዘይነባን በቦታዋ አስቀመጥኳት።

በዓመቱ መጨረሻ አንደኛ ወጣች። ከአዲስ አበባ ይቅርታ ይጽፉልናል ብዬ ስጠብቅ ደብዳቤ መጣ፤ «አእምሮዋ ደካማ መሆኑ በባለሙያ የተረጋገጠ ተማሪ አንደኛ ከወጣች፣ የመምህሩ ፈተና ከመጠን በላይ ቀላል ነው ማለት ስለሆነ፣ መምህሩ ዝቅ ብሎ በመካነ ብርሃን ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል እንዲያስተምር» ይላል።

ዘይነባ አምስተኛ ክፍል ገባች። እኔም ዕቃዬን በበቅሎ ጭኜ ተነሣሁ። ዝቅ በል ብለውኝ ነበር፤ መንገዱ ግን ሁሉ ዳገት ነው።