ዝንፍ የሚል አገልግሎት

የመሥሪያ ቤቶች ታሪክ በወግ በሚጻፍበት ዘመን፣ የእኛ ማተሚያ ቤት ስም በወርቅ ቀለም እንደሚሰፍር አልጠራጠርም፤ ወርቁ ግን ከፊደሉ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው የሚያርፈው። ይህን የምለው ለነቀፋ አይደለም። ስሕተቱን እንደ ነውር ከሚደብቅ መሥሪያ ቤትና ስሕተቱን አቅፎ ስሞ ሹመት ከሚሰጥ መሥሪያ ቤት የትኛው እንደሚበልጥ አስተዋይ አንባቢ ያውቀዋል። እኔ የዚያ ቤት አራሚ ነኝ። ሥራዬ ሰው የጻፈውን ማንበብና ያጎደለውን ነጥብ ማስገባት ስለሆነ ባልደረቦቼ «አራት ነጥብ» ይሉኛል። ተቀይሜ አላውቅም።

መፈክራችን በዋናው በር አናት ላይ በትልቁ ተጽፎ ነበር፤ «ዝንፍ የማይል አገልግሎት»። ከመፈክሩ ሥር፣ ምድር ቤት ውስጥ ደግሞ፣ ዝንፍ የምትል አንዲት ማሽን ነበረች። ማሽኗ ባለቀለም ሥዕል ስታትም ሌሎቹን ቀለሞች በየተራ ካሳረፈች በኋላ ቀዩን በመጨረሻ ታመጣለች። ወረቀቱን ቆንጥጦ የሚይዘው ብረት ስላለቀ፣ ቀዩ ሊያርፍ ሲል ወረቀቱ ሸርተት ይላል። ቲማቲሙ አንድ ቦታ፣ መቅላቱ ሌላ ቦታ ይሆናል። ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ ማለት በእኛ ቤት ተረት ሳይሆን የምርት ዓይነት ነበር።

ማሽኗን የምታንቀሳቅሰው ሴት «ነጎዴ» ትባላለች። ዕድሜዋን ከማሽን ጩኸት በላይ ስትናገር ስለኖረች «እንደምን አደራችሁ» ስትል መስኮት ይንቀጠቀጣል። ልጆቿንና እናቷን የምታስተዳድረው በዚህች ማሽን ነው። «ቆንጣጩ ብረት ይቀየርልኝ» ስትል ኖራለች፤ «በጀት የለም» ስትባል ኖራለች። በመጨረሻ የአንድ ድልህ ፋብሪካ ባለቤት በርበሬዎቹ ነጭ፣ ሰማዩ ቀይ ሆኖ የታተመበትን የጠርሙስ ወረቀት ይዞ እየጮኸ መጣ። ሥራ አስኪያጃችን ነጎዴን አስጠርተው የመጨረሻውን ማስጠንቀቂያ ሰጧት።

«ቀዩ አንድ ጊዜ ደግሞ ከመስመሩ ቢወጣ፣ አንቺም ከበሩ ትወጫለሽ!»

«አለቃ፣ ብረቱ ነው እኮ!»

«በብረት አታመካኚ። ብረት ደመወዝ አይበላም።»

ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ነገር ግን በዚያው ሰሞን የሥራ አስኪያጁ አማት ቤታቸውን ሊያስጠርጉ ተነሡ። ሟቹ ባለቤታቸው ፎቶ አንሺ ነበሩና የፎቶግራፍ መጽሔት በካርቶን በካርቶን አጭቀው ነው ያለፉት። አማቲቱ አማቻቸውን ጠርተው «ልጄ፣ ይህን ወረቀት አውጣልኝ፤ እሱን ቀብሬ ወረቀቱን ማስታመም ሰለቸኝ» አሉ። አማች ካርቶኑን ተሸክመው ወደ ቆሻሻ ገንዳው ሲሄዱ መንገድ ላይ ደከማቸው፤ ሊያርፉ ተቀመጡ፤ አንዱን መጽሔት ገለጥ አደረጉ። ሰኞ ዕለት ሌላ ሰው ሆነው ገቡ።

እውነቱን ልናገርና፣ መጽሔቶቹን እኔም ወደድኳቸው። በየገጹ የዚያ የድሮ ዘመን አዲስ ዕቃ ማስታወቂያ አለ። ሻንጣ የሚያህል ቴፕ መቅረጫ አንዲት ወይዘሮ በትንሿ ጣቷ አንጠልጥላው ትስቃለች፤ ሥሩ «ተንቀሳቃሽ! እንደ ላባ የሚቀል!» ይላል። ቤተ ሰብ በሙሉ ቴሌቪዥን ከቦ ተቀምጧል፤ ማንም ግን ቴሌቪዥኑን አያይም፤ ለአንባቢው ጀርባ መስጠት ነውር ነዋ፤ ሁሉም ወደ እኛ ዞረው ፈገግ ብለዋል። አንድ ባለከረባት ሰውዬ የሒሳብ መኪና ተሰጥቶት ዓይኑ ዕንባ አቅርሯል። ፊደሎቹ በእጅ የተሣሉ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ጋር ተስማምቶ፣ በቂ ቦታ ተሰጥቶት ይቀመጣል። ፎቶዎቹ ውስጥ ብርሃን በካሜራው ብረት ላይ ሲያርፍ ሰው ትንፋሹን ይይዛል። እነዚያ ሰዎች ነገ ጥሩ ቀን እንደሚሆን ከልባቸው ያምኑ ነበር። ገጹን ሳገላብጥ፣ መሠራት ያቆመ ሬዲዮ ለመግዛት ኪሴን ዳበስኩ።

የእኔ ፍቅር በዚህ አበቃ። የሥራ አስኪያጁ ግን ወደ መመሪያ አደገ። አንዱ መጽሔት ውስጥ የካሜራ ማስታወቂያ አገኙ። ባርኔጣ ያደረገች አንዲት ቆንጆ ሴት ካሜራ ደግናለች፤ ከላይ «ዝንፍ የማይል ምስል!» ተብሏል። የቆንጆዋ የከንፈር ቀለም ግን ከከንፈሯ ተንሸራቶ ጉንጯ ላይ አርፏል። የዚያ ዘመን ማተሚያ ቤትም ያለቀ ብረት ነበረው መሰለኝ።

ሥራ አስኪያጁ ጠቅላላ ስብሰባ ጠሩ።

«ክቡራንና ክቡራት! እዚህ ገጽ ላይ ምን ታያላችሁ?»

«የተበላሸ ኅትመት» አለ ሒሳብ ሹሙ፤ የዋህ ሰው ነው።

«ድንቁርና!» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «ከንፈር ለምን ከንፈር ላይ ብቻ ይቀመጥ? ቀለም ነፃነት የለውም ወይ? አባቶቻችን ቀለሙን ከመስመር ያወጡት ስላልቻሉ ይመስላችኋል? ችለው ነው የተዉት! ይህ ዝንፈት ይባላል። ዓለም ሁሉ ቀጥ ብሎ ሲሰለቸን፣ ለካ በምድር ቤታችን ይህን ጥበብ ያለ አስተማሪ የምትሠራ ሴት አለች!»

ነጎዴን ከምድር ቤት አስወጧት። ልትባረር መስሏት ሽርጧን ፈትታ ነው የመጣችው። አዳራሹ ቆሞ ሲያጨበጭብላት ወደ ኋላዋ ዞራ አየች፤ ሌላ ሰው የገባ መስሏት።

«እስቲ ንገሪን» አሉ ሥራ አስኪያጁ በለሰለሰ ድምፅ፣ «እንዴት አድርገሽ ነው የምታዛንፊው?»

«ኧረ እኔ አላዛነፍኩም አለቃ! ብረቱ አልቆ ነው!»

«አያችሁ ትሕትናዋን?»

«ትሕትና አይደለም፤ ብረት ነው!»

ቃለ ጉባኤው ላይ «ትሕትና» ተብሎ ተያዘ። ነጎዴ «ዋና የዝንፈት ባለሙያ» ተብላ ተሾመች። የበሩም መፈክር ተቀየረ፤ «ዝንፍ የሚል አገልግሎት»። ደንበኞች መጀመሪያ ቢደነግጡም፣ ሐቀኛ መፈክር ያለው መሥሪያ ቤት ብርቅ ነውና በኋላ አመኑን።

ከዚያ በኋላ ቤቱ በሙሉ የድሮ ማስታወቂያ ሆነ። ሊፍቱ ከተበላሸ ሰንብቶ ነበር፤ አሁን በሩ ላይ ባለቀለም ሥዕል ተለጠፈበት። ባለባርኔጣ ሰውዬ ወደ ደረጃው እየጠቆመ «ጌታዬ! ደረጃን ሞክረው ያውቃሉ? ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ! ፈጽሞ የማይቆም! ለመውጣትም ለመውረድም የሚያገለግል!» ይላል። ውሃ በሌለበት ቧንቧ ላይ አንዲት ወይዘሮ በአግራሞት እጇን አፏ ላይ ጭናለች፤ «ድንቅ ነው! ከእንግዲህ እጅዎ አይረጥብም!» ደመወዝ ሲዘገይ የምትለጠፈዋ ሥዕል ደግሞ በጣም ቆንጆ ስለነበረች አንዳንዶቻችን ደመወዙ እንዲዘገይ መመኘት ጀመርን።

ሥራ አስኪያጁ ይህን ሁሉ ለሕዝብ ለማሳየት የድሮ ማስታወቂያ ዐውደ ርዕይ እንዲዘጋጅ አዘዙ። የክብር እንግዳው የቦርድ ሰብሳቢው ናቸው። የሳቸውም ትልቅ ምስል በዝንፈት ጥበብ ታትሞ በዕለቱ ይገለጣል። ታዲያ ለዚህ ክብር የበቃች ማሽን ዝም ብላ ትታያለች? በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ እንዲሉ፣ ሥራ አስኪያጁ ማሽኗን ለማክበር ሲሉ በጀት አስፈቀዱ። ያ ሲለመን የኖረው በጀት በአንድ ፊርማ ተገኘ። መካኒክ መጣ፤ ማሽኗን ፈታታ፤ አጠበ፤ ዘይት አጠጣ፤ ቆንጣጩንም ብረት በአዲስ ቀየረ።

በማግሥቱ የቲማቲሙ መቅላት ቲማቲሙ ላይ አረፈ።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አይተው ግድግዳ ተደገፉ። «ጥበቡን ማን ገደለው?»

«እርስዎ ያመጡት መካኒክ ነዋ!» አለች ነጎዴ። «እኔማ ደስ ብሎኛል! ይኸው ቀጥ አለች!»

«ቀጥ ማለት ማንም ይችላል! ስሚኝ፤ የሰብሳቢው ምስል ዝንፍ ብሎ ካልቀረበ ሥራሽን እንደለቀቅሽ ቁጠሪው።»

ነጎዴ ወደ እኔ ዞረች። «አራት ነጥቤ፣ ይሄን ሰውዬ ትሰማዋለህ? ሲዛነፍም ውጪ፣ ሲቃናም ውጪ! እኔ ምን ልሁን?» ስትናገር ዓይኗ ሞላ። መሣቅ ያማረኝ ሰው እኔ ራሴ ተናደድኩ። እሷ ግን ወደ ማሽኗ ተመለሰች። የሰብሳቢውን ምስል በመጀመሪያ ለሙከራ ቀጥ አድርጋ አተመች፤ ቀጥሎ ቀዩን ቀለም የሚያሳርፈውን ሰሌዳ በእጇ ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፣ የታዘዘችውን ዝንፍ ያለ ምስል አወጣች። የሙከራውን ለማንም አላሳየችም።

የመክፈቻው ዕለት አዳራሹ ሞላ። ሰብሳቢው ከባለቤታቸው ጋር ገቡ፤ መጽሔቶቹን ዞረው ጎበኙ፤ ቴፕ መቅረጫውን አይተው «አባቴ ነበረው» ብለው ፈገግ አሉ። ሥራ አስኪያጁ ረጅም ንግግር አድርገው መጋረጃውን ሳቡ። ሰብሳቢው በትልቁ ብቅ አሉ። የከረባታቸው ቅላት ደረታቸው ላይ ሳይሆን ትከሻቸው ላይ ነው። የከንፈራቸው ቅላት ጉንጫቸው ላይ አርፏል። ከጆሯቸው ወዲያ፣ ባዶው ግድግዳ ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ቀይ ነገር ብቻዋን ቀርታለች። ሥራ አስኪያጁ እሷን በበትር እየነኩ «ይህቺ ደግሞ ምሥጢሯ ገና አልተፈታም» አሉ።

ጭብጨባው ተጀምሮ መሐል ላይ ደከመ። የሰብሳቢው ባለቤት ወደ ምስሉ ቀረቡ።

«ጉንጩ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ጥበብ ነው፣ እመቤቴ» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«የማን?»

«የባለማሽናችን።»

«የታለች እሷ?»

አዳራሹ ወደ ነጎዴ ዞረ።

«ኧረ በሕግ!» አለች ነጎዴ፤ ውጪ የቆመው ዘበኛ ሳይቀር ሰማ። «እኔ የነካሁት ወረቀቱን ነው! እሳቸውንማ ዛሬ ገና ማየቴ ነው!»

ሰው መሣቅ ፈልጎ ሰብሳቢውን አየና ተወው። ሰብሳቢው ፊታቸው በርበሬ መስሏል። «ንገረኝ» አሉ ሥራ አስኪያጁን፣ «ይህ ነገር ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ወይስ ስሕተት?»

አንድ ጠቢብ ለእውነት የሚመሰክርበት ሰዓት ይህ ነበር። ሥራ አስኪያጁም መሰከሩ።

«ስሕተት ነው፣ ክቡርነትዎ። ተራ ስሕተት። እንዲያውም አስቀያሚ ስሕተት!»

«የማን ስሕተት?»

«የእሷ! ስንት ጊዜ አስጠንቅቄያታለሁ!» ማስጠንቀቃቸውንስ አልዋሹም።

«ዛሬውኑ ትሰናበት» አሉ ሰብሳቢው።

ነጎዴ ሽርጧን አስተካክላ ወደ ፊት ወጣች። «እሺ፣ ልሂድ። የማሽኗ ስም ግን ሲጠፋ ዝም አልልም። ማሽኗ አትሳሳትም፤ አዛንፊ ተብዬ ነው። ቀጥ ያለው አለ፤ ላምጣው?»

«አምጪው!» አሉ የሰብሳቢው ባለቤት፣ ባልየው አፋቸውን ሳይከፍቱ።

የተጠቀለለውን ወረቀት አምጥታ በአክብሮት በሁለት እጇ ለሰብሳቢው አቀረበች። ሰብሳቢው ገለጥ አደረጉት። እኔ ከኋላቸው ነበርኩና አየሁ። ከረባቱ ደረታቸው ላይ ተመልሷል። ከንፈራቸው ከንፈራቸው ላይ ነው። ያቺ ግድግዳ ላይ የቀረችው ትንሽ ቀይ ነገርም ቦታዋ ገብታለች፤ ጉንጫቸው ላይ፣ ቅልብጭ ያለች የሴት ከንፈር። ፎቶው ለካ የተነሣው ባለቤታቸው ባልነበሩበት የዓመት መዝጊያ ግብዣ ላይ ነው።

ሰብሳቢው ወረቀቱን ጠቅልለው ብብታቸው ውስጥ ከተቱት።

«ምነው?» አሉ ባለቤታቸው።

«ምንም። ይሄኛው… ሕይወት የለውም።» ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩ። «አንተ! ይህን የመሰለ ጥበብ ነው ስሕተት ያልከው?»

«እኔ? ጥ… ጥበብ ነው እኮ ክቡርነትዎ፣ እኔም በመጀመሪያ…»

«ዝም በል! ዝንፈት የመሥሪያ ቤቱ ኩራት ነው። ከእንግዲህ የእኔ ምስል በሙሉ እንደዚህ እንዲታተም። ይህች ባለሙያ ከማሽኗ ንቅንቅ እንዳትል፤ ደመወዟም ይጨመር። አንተ ግን ጥበብና ስሕተት መለየት ስላቃተህ ምድር ቤት ወርደህ ከእሷ ተማር።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሥራ አስኪያጁ ከሁሉ በላይ አጨበጨቡ። ሰብሳቢው ብብታቸውን ጨብጠው በአንድ እጃቸው ሕዝቡን እጅ ሲነሡ፣ ባለቤታቸው ቀስ ብለው ነጎዴ አጠገብ መጥተው ቆሙ።

«እኅቴ» አሏት ዓይናቸውን ከባላቸው ሳይነቅሉ፣ «ቀጥ ያለው አንድ ብቻ ነው የታተመው?»

«እመቤቴ» አለች ነጎዴ፣ «ማሽን ለሙከራ ስትነሣ፣ አንድ ብቻ አትማ አትቆምም።»