የሐረጎው መታጠፊያና የሰይድ ጎማ

ለልምምድ የሚሆን የብስክሌት ጎማ ስለ መምረጥ እኔን ያልጠየቀ የደሴ ብስክሌተኛ ያለ አይመስለኝም። መጠየቃቸውም ተገቢ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ሳስተምር ቸል ያልሁት ነገር የለም፤ ጎማንም ቸል አላልሁም። አርባ ዓመት ከደሴ ኮምቦልቻ ስመላለስ አንድ ቀን እንኳ ተበስቶብኝ አያውቅም። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ልኩራራ ብዬ ነው።

ምክሬ አጭር ነው። ስሱ ጎማ ለውድድር ቀን ይቀመጥ። ለልምምድ ግን ከመርገጫው ሥር ተጨማሪ ጠንካራ ሽፋን ያለውን፣ ጎኑን በአውራ ጣት ሲጫኑት እንደ ጨርቅ የማይታጠፈውን ይግዙ። ይከብዳል? ይክበድ! ልምምድ እኮ ነው፤ ሠርግ አይደለም። እስከ ሐርቡ ልውረድ ለሚል የግራር እሾህ ይጠብቀዋል። ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ደግሞ ከከባድ መኪና ጎማ የሚረግፍ የሽቦ ቁራጭ አለ። ስለዚህ ቤት ሲገቡ ጎማውን በጨርቅ ጠርጎ፣ የተሰካውን ሁሉ በመርፌ መንቀል ግዴታ ነው።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ ለሰይድ አርባ ዓመት ነገርሁት። አልሰማኝም።

ሰይድ እዚሁ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ሰፈር ልብስ ሰፊ ነው። በወጣትነታችን ለአውራጃው ቡድን እንመረጣለን ብለን አብረን ተለማመድን። እሱ ተመረጠ፤ እኔ ተጠባባቂ ሆንሁ። የአሠልጣኙ ስህተት እንደ ነበር ዛሬም አምናለሁ። ምን ዓይነት ዘመን ነበር! በደሴ ጭጋግ ሹራብ ለብሰን እንነሳለን፤ ኮምቦልቻ ስንደርስ ሹራቡ ወገባችን ላይ ታስሯል። ሰይድ ራሱ በሰፋው የማሊያ ኪስ ዳቦ ይዘን፣ ያንን ሁሉ ዳገት እየተሳደብን እንወጣዋለን። ቡድኑ ቀረ። ቅዳሜያችን ግን አልቀረም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሐኪም ደረቴን አዳመጠና፣ “አባባ፣ ዳገቱ ላይ እየቆሙ ካላረፉ ብስክሌቱን ይተዉት” አለኝ። እኔ ዳገት ላይ ቆሜ አላውቅም። ለሰይድም አልነገርሁትም። ብስክሌቱንስ ብተው ከሳምንቱ ምን ሊተርፈኝ?

ያዳነኝ የሰይድ ጎማ ነው። በየቅዳሜው ስንመለስ፣ ሐረጎ ዳገት ላይ፣ ያው አንድ መታጠፊያ ዘንድ ሲደርስ ይተነፍሳል። እሱ ይለጥፋል፤ እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስለ ግድየለሽነት እገሥጸዋለሁ። አረፍሁ አይባልም፤ ጓደኛ ጠበቅሁ ነው የሚባለው።

ታዲያ ዝም ብል ምን ነበረበት? መምህርነት ግን መጥፎ አመል ነው። ለዒድ ከአዲስ አበባ ሁለት ጠንካራ ጎማዎች አስመጥቼ ሰጠሁት። ፊቱ ጠቆረ።

“በጣም ጠንካራ ነው እንዴ?” አለኝ።

“ሚስማር አይበሳውም!”

“ወላሂ፣ ምነው ባትቸገር ኖሮ።”

በቀጣዩ ቅዳሜ መታጠፊያውን ሳንቆም አለፍነው። ዓይኔ ብዥ አለ፤ አፌ ግን “እንረፍ” ማለትን እምቢ አለ። ወዲያው ከፊቴ ያለው ሰይድ ከብስክሌቱ ወረደ። የኋላ ጎማው ተንፍሷል።

ክብሬ ተነካ። የመረጥሁት ጎማ ነዋ! ብስክሌቱን ነጥቄ ከመነዳሪውን፣ የውስጡን ጎማ ማለቴ ነው፣ አወጣሁት። ነፍቼ ከመንገዱ ዳር ቦይ ውኃ ውስጥ ነከርሁት። አንድ አረፋ እንኳ የለም። የድሮው ከመነዳሪ ነበርና ከዳር እስከ ዳር ልጥፍ በልጥፍ ነው።

“አንተ ሰይድ! ቀዳዳው የታለ?”

ጺሙን አሻሸ። “ቫልቮላውን ከፍቼ አስተነፈስሁት” አለ።

“ለምን?”

“ደረትህ ያፏጫላ፣ መምህር! ከኋላዬ እሰማዋለሁ። እስከ ዛሬ በልብስ መርፌ ጠቅ አደርገው ነበር። ያንተን ጎማ ግን መርፌ እምቢ አለው።”

“‘እንረፍ’ አትለኝም ነበር?”

“አንዴ ብዬህ ሦስት ወር አኩርፈኸኛል። አብሽር፣ አሁን ተቀመጥ።”

ተቀመጥሁ። ከመነዳሪው እጄ ላይ ነው። ልጥፎቹን በጣቴ ዳሰስኋቸው፤ እያንዳንዱ አንድ ቅዳሜ ነበር። በእያንዳንዱም ላይ ያን ምስኪን ገሥጬዋለሁ። አመሰግናለሁ ማለት ነበረብኝ። “በል ንፋው” አልሁት።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ሰይድ ጉልበቱን አሞት ከኋላዬ ቀረ። “ምን ሆንህ?” ብለው፣ “ምንም” አለ፤ የፔዳሉን ድምፅ ግን እሰማለሁ፤ አንዴ ይረግጣል፣ አንዴ ያቆማል። መታጠፊያው ዘንድ ስደርስ፣ አርባ ዓመት ያልተበሳው ጎማዬ ተነፈሰ።

ሰይድ ድንጋዬ ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱን እያሸ፣ ስለ ጎማ አመራረጥ ረጅም ትምህርት ሰጠኝ። እኔም ቫልቮላዬን መልሼ እያጠበቅሁ አዳመጥሁት።